ንጹሕ ነዳጅ ሲባል ንጽሕናው ለምን ነው?

ጥያቄ፦ በኢታኖል፣ በተፈጥሮ ጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ሁሉ «ለአካባቢ ተስማሚ» ሲባሉ እሰማለሁ። አንዱ ስለ ዓለም ሙቀት፣ ሌላው ስለምንተነፍሰው አየር ያወራል። ሁለቱ አንድ ናቸው? የትኛውስ ይሻላል?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የቀዘቀዘ የአሮጌ ናፍጣ አውቶቡስ ጭስ ማውጫ ውስጡን በጣትዎ ቢጠርጉት ጥቀርሻ ይወጣል፤ በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራው ላይ ግን ጣትዎ እምብዛም አይጠቁርም። ይህ ጥቀርሻ፣ በሞተሩ ሙቀት ከአየሩ ናይትሮጅን ከሚፈጠሩት ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከሚባሉ ጋዞች ጋር፣ የሚጎዳው በዋናነት በመንገዱ ዳር ያለውን ሰው ሳንባና ልብ ሲሆን፣ ዝናብና ነፋስ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከአየር ላይ ያጠራዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በጣት አይታይም፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል የሚለቀቅ ሲሆን፣ የትም ይለቀቅ የት ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በከባቢ አየር ውስጥ ይቆያል።

የተፈጥሮ ጋዝ የዚህ ልዩነት ጥሩ ማሳያ ነው። ለእኩል ኃይል ከናፍጣ ሩብ ያህል ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ነገር ግን ጋዙ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሚቴን ደግሞ ሳይነድ ካመለጠ፣ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር፣ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ ከጉድጓዱ፣ ከቧንቧው ወይም ከሞተሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢያፈተልክ ለአየር ንብረት የተገኘው ጥቅም ይጠፋል፤ የመንገድ ዳሩ ሰው ግን ያም ሆኖ ተጠቃሚ ነው።

ከሰብል የሚሠራው አልኮል፣ የኢታኖል ነገር የሚወሰነው በእርሻው ላይ ነው። ተክሉ ሲያድግ የሳበውን ካርቦን ነዳጁ ሲነድ መልሶ ይለቀዋል፤ እስከዚህ ሒሳቡ የተስተካከለ ይመስላል። ለማሳው ሲባል ደን ከተመነጠረ ወይም ማዳበሪያው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ሌላ ኃይለኛ የሚያሞቅ ጋዝ ካወጣ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ብራዚል በ1975 በጀመረችው ፕሮግራም ከሸንኮራ አገዳ የምታመርተው ኢታኖል ከበቆሎው የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ፋብሪካው ከተጨመቀው አገዳ የሚተርፈውን ገለባ አንድዶ የራሱን ኃይል ማግኘቱ ነው። በአየር ጥራት በኩል ኢታኖል መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ አሴታልዲሃይድ የተባለውን ለጤና ጎጂ የሆነ ተን ይጨምራል። አንድ ሊትር ኢታኖል ከቤንዚን ሲሶ ያህል ያነሰ ኃይል ስላለው ንጽጽሩ በሊትር ሳይሆን በኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ከአትክልት ዘይት ወይም ከስብ የሚሠራው ባዮዲዝልም ጥቀርሻን ይቀንሳል እንጂ ናይትሮጅን ኦክሳይድን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ሃይድሮጂን ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ሴል ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ግን፣ ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በሙቀቱ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጠራል። ዛሬ አብዛኛው ሃይድሮጂን የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል መሆኑም አይዘንጋ።

በእኔ ግምት በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ አውቶቡስ ኤሌክትሪክ ይቀድማል፤ ጭስ ማውጫ የለውምና። የጎማ ብናኝ እንዳለ ይቀራል፤ የፍሬኑ ግን ሞተሩ ራሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ ያንሳል። ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ የአየር ንብረት ጥቅሙ ይሳሳል፤ የማመንጫው ጭስም በአጠገቡ ለሚኖሩት ይተርፋል። አውቶቡሱን ለመቀየር አቅም ከሌለ ደግሞ የናፍጣው ጥቀርሻ ማጣሪያ ተነቅሎ ወይም ተሰብሮ እንደሆነ መመርመር፣ የመንገድ ዳሩን አየር በተመለከተ፣ ከነዳጅ ለውጥ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።