ጭሱ ስላልታየ ንጹህ ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ «ሚኒባሶቹ ጥቁር ጭስ ካልተፉ፣ መንገድ ዳር የሚኖር አስም ያለበት ልጄን ምን ያሰጋዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያሰጋዋል። ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ከጭስ ማውጫው ሲወጣ አይታይሽም። ደግሞ ችግሩ የነዳጁ ጥራት ብቻ አይደለም። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሞተር ውስጥ ሙቀቱ ሲያይል ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናል። ናፍጣ ሞተር በዚህ ይብሳል።

የጀርመኑን መኪና አምራች የቮልስዋገንን ጉድ አስታውሺ። በ2015 እ.ኤ.አ. ነው የተጋለጠው። የናፍጣ መኪኖቹ የጭስ ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚለይ ሶፍትዌር ነበራቸው። ምርመራ ላይ ጨዋ፣ መንገድ ላይ ግን ከአሜሪካ ገደብ እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። ከውጭ ሲታዩ እኮ ጽድት ያሉ መኪኖች ናቸው!

ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች አንዱ የሆነው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ አስም ይቀሰቅሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጋዝ ያወጣውን የዓመታዊ አማካይ መጠን መመሪያ በሜትር ኩብ አየር ከ40 ወደ 10 ማይክሮግራም አውርዶታል። ጋዙ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ሲተነፍሱት የሚጎዳውን ኦዞን የሚባል ጋዝ ለመፍጠር ያግዛል፤ ከዝናብ ጋር ሲወርድ ደግሞ አሲድ ሆኖ አፈርና ሐይቅ ይጎዳል።

ለልጁ፣ መንገዱ በተጨናነቀ ሰዓት በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዝጊ፣ በጓሮ በኩል ክፈቺ። የጨርቅ ማስክ ጋዙን አያስቀርም። ኢንሄለሩ ከቦርሳው አይለይ።