ፔንግዊን በረዶ ላይ ብቻ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ልጄ ፔንግዊን የት ይኖራል የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶት በረዶ ላይ ብሎ ጻፈ፤ ታላቁ ደግሞ አፍሪካም አለ ብሎ ተከራከረው፤ ማንኛቸው ልክ ናቸው? ካለስ እዚህ ቅርባችን ጅቡቲ ለምን አይታይም?» ብለሽ ጠይቀሻል። ታላቁ ልክ ነው። ድሬ ከመመለሴ በፊት ኬፕታውን የሱቅ ዕቃ የሚያደርስ መኪና እነዳ ስለነበር ሳይመንስታውን የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ በደንብ አውቃታለሁ። እዚያ መኪና ማቆሚያው ጋ «ከመንቀሳቀስዎ በፊት ከመኪናዎ ሥር ፔንግዊን እንዳለ ይመልከቱ» የሚል ምልክት አለ። ቀልድ አይደለም አቦ፤ ጥላ ፍለጋ ጎማ ሥር ይገባሉ።

በረዶ የሚባል ነገር የለም። ነጭ አሸዋ፣ ትልልቅ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው። ቦልደርስ በሚባለው ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ጥንዶች መጥተው ሰፈሩ፤ ከዚያ ተራብተው የሰው ግቢ ድረስ እየገቡ አትክልት ሥር እንቁላል ይጥሉ ጀመር። ቁመታቸው ከጉልበት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ድምፃቸው ግን የአህያ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚ ገበያ ያለሽ ይመስልሻል። ከዓይናቸው በላይ ላባ የሌለው ሮዝ ቆዳ አለ፤ ሲሞቃቸው ደም ወደዚያ በብዛት እየሄደ ሙቀቱን ያስወጣላቸዋል።

ነገሩ ያለው ከውሃው ነው። ቤንጌላ የሚባል ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ከደቡብ ተነሥቶ በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ናሚቢያ ይወጣል። ከጥልቁ የሚመጣው ውሃ ምግብ የሞላበት ስለሆነ ሰርዲንና አንቾቪ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ይበዙበታል። በበጋ እንኳ እግርሽን ብትነክሪ ይደነዝዝሻል። ፔንግዊን የሚፈልገው ይህን ነው፤ ዓሣ ያለበት ቀዝቃዛ ባሕር፣ ከዚያ ደግሞ እንቁላሉንና ጫጩቱን የሚበላ አውሬ የማይበዛበት መሬት። ደሴት የሚወደውም ለዚህ ነው።

ታናሹም ከሜዳ አልተነሣም። ኢምፐረርና አዴሊ የሚባሉት አንታርክቲካ ናቸው፤ የኢምፐረሩ ወንድ በዚያ ጨለማ ክረምት እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ ሁለት ወር ያህል ሳይበላ ይቆማል። ከቀሩት ብዙዎቹ ግን ተበታትነዋል፦ በፔሩና በቺሊ የበረሃ ዳርቻ፣ በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ። ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ያለው ጭራሽ የምድር ወገብ ላይ ነው፤ እሱንም የሚያኖረው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ነው።

ጅቡቲ? ውሃው ሞቃት ነው። ፔንግዊን አይበርም፤ ከደቡቡ ቀዝቃዛ ባሕር ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ ያንን ሁሉ ሙቅ ባሕር በዋና ማቋረጥ አለበት። ሰሜን ዋልታ የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ነጭ ድብና ፔንግዊን አብረው የተሳሉበት ሥዕል ካዩ አትመኑት በያቸው።

የአፍሪካዎቹ ኑሮ ግን ከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። ዋናው የዓሣው ማነስ ነው፤ የሚያጠምደው ሰው ይሻማቸዋል፣ ዓሣውም ቦታ ቀይሯል። እኔን የሚገርመኝ የኩሱ ነገር ነው። ድሮ ደሴቶቹ ላይ ለዘመናት የተከመረውን የወፍ ኩስ ቆፍረው ጎጆ ይሠሩበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ያንን ጠርጎ ለማዳበሪያ ሸጠው። አሁን ብዙዎቹ ሜዳ ላይ ይታቀፋሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ወላጆቹ ወደ ባሕር ይሸሹና እንቁላሉ ይበላሻል። አንዳንድ ቦታ ሰው ሠራሽ ጎጆ እየተቀመጠላቸው ነው።

ከታች አስተያየቱ ላይ «ድሬ አምጥተን እናርባ» ያልከው ወንድሜ፣ ሙቀቱን በማቀዝቀዣ ትወጣው ይሆናል፤ ትንኙን ምን ታደርገዋለህ? የወፍ ወባ የሚባል አለ፤ ሰው ከሚይዘው የተለየ ነው፣ እሱንም የሚያስተላልፈው ግን ትንኝ ነው። በመካነ እንስሳት የሚኖሩ ፔንግዊኖችን በብዛት ከሚገድሉ በሽታዎች አንዱ እሱ ነው።