ቡቺን ይዞ ለመብረር መጀመሪያ ቀን መቁጠር

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ፦ ባለቤቴ ፍራንክፈርት ነው። ቪዛዬ ወጥቶልኛል፣ ከሁለት ወር በኋላ ልሄድ ነው። 6 ዓመት ያሳደግኩትን ውሻዬን ቡቺን ጥዬው መሄድ አልችልም። ባለፈው ኅዳር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቤዋለሁ፣ ካርዱም አለኝ። ለእሱም ትኬት ብከፍል አይበቃም? ሰው ደግሞ የእንቅልፍ መድኃኒት ስጪው ይለኛል።

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይወደድ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። የእሱን ትኬት ገና አትቁረጪ። በሁለት ወር አይደርስልሽም፣ ይህንን ኤርፖርት ላይ ቆመሽ ከምትሰሚው አሁን ብትሰሚው ይሻላል።

ካርዱ ላይ የማይክሮቺፕ ቁጥር አለ? በደብዳቤሽ አልጠቀስሽውም። ከሌለ የኅዳሩ ክትባት ለአውሮፓ አይቆጠርም። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፣ አንገቱ አካባቢ ከቆዳው ሥር በመርፌ ትገባለች፣ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ትይዛለች። መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ ክትባት። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፣ ክትባቱ ከቀደመ ግን የተከተበው ይኸው ውሻ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለሽም። እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ክሊኒክ ውሻዬን መጀመሪያ ከትቦ ቺፑን በሳምንቱ አስገባለት፣ ሁሉንም እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ።

ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ደም ይወሰዳል። ምርመራው ክትባቱ በእርግጥ መሥራቱን የሚያሳይ ነው፣ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የሚመረምረው የአውሮፓ ኅብረት ያጸደቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ደም ከማስወሰድሽ በፊት ሐኪሙን ወዴት እንደሚልከው ጠይቂው፤ ከደሙ የሚለየው ሴረም እንደቀዘቀዘ መድረስ አለበት፣ የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሌላ 3 ወር አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚናደደው፣ ግን ምክንያት አለው። በሽታው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል፣ እና ውሻው ከክትባቱ በፊት ተነክሶ ከነበረ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ሊታይ ይችላል ተብሎ ነው። ደምሪው፣ ዛሬ ብትጀምሪ ቢያንስ 4 ወር። ኢትዮጵያ ነገሩ ከሚቀልላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ በልመና የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ቪዛሽ ጊዜ ከሰጠሽ ጉዞሽን ግፊው። ካልሆነ ቡቺን የሚወደው ሰው ጋር አስቀምጠሽው፣ ቀኑ ሲሞላ ራስሽ ተመልሰሽ ውሰጂው። ሌላ ሰው ወክለሽ እንዲያመጣልሽ ማድረግ ይቻላል፣ ነገር ግን የአንቺና የእሱ ጉዞ ልዩነት ከ5 ቀን እንዳይበልጥ። ከበለጠ ሕጉ እንደ ንግድ እንስሳ ያየዋል፣ ጣጣው ይበዛል።

የጤና ምስክር ወረቀቱ የመጨረሻው ነገር ነው። የመንግሥት እንስሳት ሐኪም የሚፈርምበት፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ይሁን። ከተሰጠ 10 ቀን ሳይሞላው መድረስ አለብሽ፣ ቀድመሽ ብታወጪው ይቃጠላል። ፍራንክፈርት ስትደርሺ በቀዩ የጉምሩክ መውጫ ሂጂና ራስሽ አሳውቂ። በአረንጓዴው ሹልክ ብትይ የሚቀጣው ቡቺ ነው፣ ለይተው ያቆዩታል ወይም ይመልሱታል።

የእንቅልፍ መድኃኒቱን እርሺው። የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ያዛባል፣ የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ያቅተዋል፣ አጠገቡ ደግሞ የሚያየው ሰው የለም። የደነዘዘ እንስሳ የማይቀበሉ አየር መንገዶች አሉ። የሚያረጋጋው ሳጥኑን መልመዱ ነው። ሳይጎነብስ የሚቆምበት፣ የሚዞርበት፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት፣ በየጎኑ አየር የሚገባው ይሁን። አሁኑኑ ግዢና ቤት ውስጥ በሩን ከፍተሽ አስቀምጪው። ያረጀ ነጠላሽን አንጥፊለት፣ ምግቡን እዚያው ስጪው። ሲለምደው ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ጭነሽ እስከ ሳቢያን ውሰጂው፣ ድምፁንና መንቀጥቀጡን ይለምዳል።

ሙቀቱንም አስቢበት። እንስሳት የሚጫኑበት የአውሮፕላኑ ክፍል ግፊቱም ሙቀቱም የተስተካከለ ነው። የሚያሰጋው ከመጫኑ በፊት አስፋልት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከድሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አታስነሺው፣ የማለዳ በረራ ፈልጊ።

ጥያቄ፣ ከሐረር ጀጎል፦ ድመቴን ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ልወስዳት ነው። ለእሷም ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

መልስ፦ የደም ምርመራው የውጭ ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም። የክትባት ካርዷን ያዢና ትኬት ስትቆርጪ ድመት እንዳለሽ ተናገሪ፣ ምክንያቱም የሚቀበሉት እንስሳ ቁጥር ውስን ነው፣ የሳጥኑ መጠንም እንደ አውሮፕላኑ ይለያያል። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለድመትሽ የሚከብዳት ከሐረር ድሬ ያለው 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ የደንገጎ ጠመዝማዛ ሰውንም ያስመልሳል። ከመነሳትሽ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በፊት ትንሽ አብያት፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ። ፍተሻ ላይ ሳጥኑን ባዶውን በማሽን ለማሳለፍ ከውስጡ አውጫት ሊሉሽ ይችላሉ። የፈራች ድመት ከእጅ አምልጣ ኤርፖርት ውስጥ ስትጠፋ አስቢው! ደረቷ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ከቤት አድርገሽላት ውጪ፣ ገመዱን እጅሽ ላይ ጠቅልይው።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ፦ የ3 ወር ቡችላ አሜሪካ ላለችው ልጄ ልወስድላት እችላለሁ?

መልስ፦ አሁን አትችልም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከ6 ወር በታች የሆነ ውሻ አሜሪካ አይገባም። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለተመደበች ቺፕ፣ ክትባት፣ የደም ምርመራ፣ በመንግሥት ሐኪም የተፈረመ ቅጽና በተፈቀደ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ቀጠሮ ያስፈልገዋል፣ የሚገባውም ማቆያ ባለበት ኤርፖርት ብቻ ነው። የደም ምርመራው ከሌለ በራስህ ወጪ 28 ቀን ማቆያ ይገባል። ቡችላውን አሁን ቺፕ አስደርግለት፣ ክትባቱንም በዚያው ቀን አስጀምርለት።