ስፒሩሊናዬ ቢጫ ሆነ፤ ዩሪያ ልጨምርበት?

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም የመጣ ነው። ጠያቂያችን በላስቲክ ቤት ውስጥ ስፒሩሊና የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ አድጎና ደርቆ የሚበላውን ደቂቅ አልጌ ታመርታለች። ኩሬዋ 10 ካሬ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ 2,000 ሊትር ይይዛል። ስትጀምር 2.5 ኪሎ ሶዲየም ናይትሬት ጨምራበታለች። ከዚያ ወዲህ የምትጨምረው ቤኪንግ ሶዳ ብቻ ነው። በሁለት ወር ውስጥ 4 ኪሎ ገደማ ደረቅ ምርት አግኝታለች። አሁን ግን ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ኩሬ ወደ ቢጫ አደላ። ውሃውም ተዝለገለገና በጨርቅ አልጣራ አለ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ፣ 10.3 ነው። ጎረቤቷ «ግማሽ ኪሎ ዩሪያ ድፊበት» አላት። ሌላ ወዳጇ ደግሞ «አልጌ ሲራብ ነው ጠቃሚው ነገር የሚበዛው፣ ተይው» አላት። «የማንን ልስማ?» ትላለች።

እህቴ፣ የሁለቱንም አትስሚ። ኩሬሽ አልሞተም፤ ናይትሮጅን አልቆበት ነው። ይህን የነገረኝ አንቺው የላክሽልኝ ቁጥር ነው።

ጥሩ ስፒሩሊና ሲደርቅ ከመቶ 60 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ስለዚህ 1 ኪሎ ደረቅ ምርት ባወጣሽ ቁጥር 100 ግራም ገደማ ናይትሮጅን አብሮ ከኩሬው ይወጣል። 4 ኪሎ ስታወጪ 400 ግራም ወጣ ማለት ነው። አሁን ያስገባሽውን እንይ። ሶዲየም ናይትሬት ከመቶ 16.5 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። 2.5 ኪሎው የያዘው እንግዲህ 412 ግራም ነበር። ያስገባሽው ከሞላ ጎደል ተጠናቆ ወጥቷል። የጤፍ ማሳ እንኳ በየዓመቱ ታጭዶ ምንም ካልተመለሰለት ይከዳል፤ ኩሬ ደግሞ የሚታጨደው በየሁለት ቀኑ ነው።

ቢጫው ከየት መጣ? ስፒሩሊናን ሰማያዊ የሚያደርገው ፋይኮሳያኒን የሚባል ቀለም ነው። ይህ ቀለም ራሱ ፕሮቲን ነው። ናይትሮጅን ሲጠፋ ሴሉ መጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ የራሱን ቀለም ነው። ሰማያዊው ሲሄድ ቢጫማ አረንጓዴው ይቀራል። ፀሐይና ሶዳ ግን አሁንም አሉ፤ ስለዚህ ሴሉ ካርቦን መሰብሰቡን አያቆምም። ፕሮቲን መሥራት ስላልቻለ ካርቦኑን ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል። ከፊሉን በውስጡ ያከማቻል፣ ከፊሉን እንደ ልጋግ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ጨርቅሽን የደፈነው እሱ ነው። ሶዳ በጨመርሽ ቁጥር ልጋጉ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በ10.3 ፒኤች ሶዳ አያስፈልግሽም፤ ለጊዜው አቁሚው።

መድኃኒቱን ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛው ብርሃን ነው። ነጭ የጠርሙስ ክዳን በማስመሪያ ጫፍ ላይ ለጥፈሽ ውሃው ውስጥ ወደ ታች ስደጅው። 3 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከዓይንሽ ከጠፋ ኩሬው ወፍራም ነው፣ አትጨነቂ። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዶም ከታየሽ ግን ቀጥኗል፤ ፀሐይ እያቃጠለው ሊሆን ይችላል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ፀሐይዋ ትበረታለች። ስፒሩሊና 35 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመቸው። ከ20 በታች ሲሆን የሚያርፍበትን ብርሃን ሊጠቀምበት አይችልም፣ ይጎዳበታል። ስለዚህ ማታ ኩሬውን ሸፍኚ፤ ጠዋት ደግሞ ውሃው እስኪሞቅ ጥላ አድርጊለት።

ሁለተኛው ብረት ነው። የብረት እጥረትም ቢጫ ያደርጋል። ለመለየት ሦስት ነጭ ማሰሮ ወይም የጠራ ጠርሙስ ውሰጂ፤ በየአንዳንዱ 1 ሊትር ከኩሬው ቅጂ። በአንዱ ቁንጥር ሶዲየም ናይትሬት፣ በሌላው ጥቂት ጠብታ የብረት ውህድ ጨምሪ፤ ሦስተኛውን እንዳለ ተይው። አንድ ቦታ አስቀምጪና በየቀኑ በጥብጫቸው። በሁለት ሦስት ቀን የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ በዓይንሽ ታያለሽ። እኔ ይህን ሙከራ ከማንኛውም ሰው ምክር አስበልጠዋለሁ፣ ከራሴም ጭምር። የብረት ውህዱን እቤት ልትሠሪው ትችያለሽ፤ 5 ግራም ፌረስ ሰልፌት ከ10 ግራም ሲትሪክ አሲድ ጋር በውሃ አሟሚ። አሲዱ የግድ ነው፤ ያለሱ ብረቱ በዚህ ፒኤች ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል።

ናይትሬት የገባበት ማሰሮ ከለመለመ፣ እንደሚሆንም እገምታለሁ፣ ለሚቀጥለው 1 ኪሎ ምርት የሚበቃውን ስጪው። 600 ግራም ሶዲየም ናይትሬት፣ 55 ግራም ዳይፖታሲየም ፎስፌት፣ 30 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌትና ያንን የብረት ውህድ። በሶዲየም ናይትሬቱ ፈንታ ፖታሲየም ናይትሬት ካገኘሽ 720 ግራም ይበቃል። በሞቀ ውሃ አሟምተሽ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ጨምሪ። እስኪያገግም ምርት አትሰብስቢ። ቀለሙ ቀድሞ ይመለሳል፤ ልጋጉ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ በደንብ እያማሰልሽ ጠብቂው። ከዚያ በኋላ ደብተር ያዢ። ደረቁን ምርት መዝኚ፤ 1 ኪሎ በሞላ ቁጥር ይህንኑ መልሺ።

ወደ ዩሪያው ልምጣ። ዩሪያ በራሱ መጥፎ አይደለም። ናይትሮጅኑ ከመቶ 46 ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ስፒሩሊናም ይወደዋል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። በ10.3 ፒኤች ደግሞ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጁ ሴል ውስጥ ሰተት ብሎ የሚገባው መርዛማው ዓይነት ነው። አንቺ በቀን 70 ግራም ገደማ ደረቅ ምርት ታገኛለሽ፤ ለዚያ የሚበቃው ዩሪያ 15 ግራም ነው። ጎረቤትሽ ያሉት ግማሽ ኪሎ የአንድ ወር ቀለብ ነው፤ በአንዴ ከገባ ኩሬውን ይጨርሰዋል። ናይትሬት ከጠፋ ብቻ በየቀኑ 15 ግራም ስጪው፤ አሞኒያ ከሸተተሽ ወዲያው አቁሚ። ከማኅበር የሚገዛውን የእርሻ ማዳበሪያ ግን ለሚበላ ነገር አልመክርም። በተለይ የፎስፌት ማዳበሪያ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረታ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ስፒሩሊና ደግሞ እንዲህ ያለውን ብረታ ብረት ከውሃ ይሰበስባል።

ወዳጅሽ ስለ ረሃብ ያለው ነገር እውነት አለው፣ ግን ስለ ሌላ አልጌ ነው። ክሎሬላ ናይትሮጅን ሲያጣ ዘይትና ስታርች ያከማቻል። ጨው ውሃ ውስጥ የሚያድገው ዱናሊየላ በረሃብና በብርቱ ፀሐይ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን ብርቱካንማ ቀለም ያጠራቅማል። ሄማቶኮከስም አስታዛንቲን የሚባለውን ቀይ ቀለም የሚሠራው ሲጨነቅ ነው። የነዚህ አምራቾች እንኳ መጀመሪያ አጥግበው ያሳድጋሉ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ያስርባሉ፤ የተራበ አልጌ እድገቱ ይቆማልና። ከስፒሩሊና የምንፈልገው ፕሮቲኑንና ሰማያዊውን ቀለም ነው። ሁለቱም የተሠሩት ከናይትሮጅን ነው። አስርበሽ የምታተርፊው ስኳርና ልጋግ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩሬውን አጥበሽ ውሃ መቀየር ካሰብሽ ወደ ላህ ወንዝ እንዳትለቂው። የጣና እምቦጭ እንዲህ የተስፋፋው ከየማሳው ታጥቦ በገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ጭምር ነው። ሶዳ የበዛበት ውሃ ስለሆነም ማሳ ላይ አይደፋም። እዚያው ኩሬው ውስጥ የጎደለውን ጨምሪበትና አድሺው።

እስካሁን ያደረቅሽው ቢጫማው ምርት ከረሃብ ብቻ የመጣ ከሆነና መጥፎ ሽታ ከሌለው መርዝ የለበትም። ፕሮቲኑ ግን አንሷል። ከመጀመሪያው ጋር ቀላቅለሽ በዚያው ዋጋ አትሽጪው። ለዶሮዎች ስጪው፣ ወይም ለገዢው ነግረሽ በርካሽ ሽጪው።