ማህበር ብናቋቁም ሊያባርረን ይችላል ወይ?

እህቴ፣ «አሠሪያችን ማህበር ካቋቋማችሁ ሥራችሁን እርሱት ብሎናል፤ ሕጉ ምን ይላል? ከየት እንጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች እህትሽም አንስተሻል። እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ ፋብሪካ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማህበር ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

በዚህ ምክንያት ሊያባርራችሁ አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንም ሰው የመደራጀት መብት አለው ይላል፤ አንቀጽ 42 ደግሞ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኛ በማህበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር የመደራደር መብት እንዳለው ለይቶ ጽፏል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26 መሠረት የማህበር አባል መሆን ለስንብት ምክንያት አይሆንም፤ በዚህ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ግን «ማህበር ስላቋቋመ አሰናበትኩት» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ አላየሁም። አርፍዷል ይላል፣ ምርት ጎድሏል ይላል። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ሰዓት አክብሩ፤ የሚሰጣችሁን ደብዳቤ ሁሉ ኮፒ አስቀሩ።

ምሥረታው አይከብድም። ድርጅቱ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ማቋቋም ይቻላል። መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የተመረጡት ሰዎች ስምና ፊርማ ይዛችሁ በከተማ አስተዳደሩ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ትሄዳላችሁ። ቢሮው በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተመዘገባችሁ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቀን አስጽፉ። ምክክሩን በርጫ ላይ አታድርጉት፤ እዚያ የተወራ ማታውኑ አለቃ ጆሮ ይገባል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው መዋጮ ከመሰብሰብ ያላለፉ ማህበራት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ማህበር የሚቋቋመው ለኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማህበሩና አሠሪው ስለ ሥራ ሁኔታ በጽሑፍ ለሚያደርጉት ውል ነው። ረቂቁን ጽፋችሁ ከድርድር ጥያቄው ጋር በደብዳቤ ስጡትና መቀበሉን አስፈርሙ፤ አሠሪው በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። አልቀርብም ካለ ቢሮው አስማሚ እንዲመድብላችሁ አመልክቱ።

ስትደራደሩ ደመወዝ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ሕጉ የሚያስቀምጠው ትንሹን ነው፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በስምምነት መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልም። እኛን ብዙ ያከራከረን የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ ነበር። አሠሪው «ሕጉ አያስገድደኝም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ የተደራደርነውም ሕጉ ስለማያስገድደው ነው። ከፈረቃ የወጣች ልጅ በዚያ ሰዓት እስከ ገንደ ቆሬ ሰፈር ባጃጅ ስትፈልግ ምን እንደሚገጥማት የምታውቀው እሷው ናት። ስለዚህ ከተደራዳሪዎቹ መካከል የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሴቶች ይኑሩ። እኛ ጋ ነገሩን የፈታው የእነሱ ንግግር ነው፤ ሰርቪሱ በስምምነቱ ውስጥ ገባ።

ይህች ከተማ ለመደራጀት እንግዳ አይደለችም። የምድር ባቡር ሠራተኞቿ አገሪቱ የሠራተኛ ማህበር ሕግ ሳይኖራት ተደራጅተው ነበር። ኢትዮጵያም የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን 87ኛና 98ኛ ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለሆነችው እህትሽ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችን አያካትትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 እነሱንም ሲያነሳ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶታል። ለእሷ ጥያቄውን ለብቻው ለጥፊው።