«ከባህላቸው የቱን እናስጥል?» ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ነርስ ደብዳቤ ላከችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ወንጌል ብዙም ወዳልደረሰበት ገጠር ልትሄድ ዝግጅት ላይ ናት። «አባባ፣ ከባህላቸው የቱን እናስጥል፣ የቱን እንተውላቸው?» ትላለች። ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ ሽማግሌ ከሌላ ጫፍ ጠይቀውኝ ነበርና።

ጸልዩ፣ ቋንቋውን ልመዱ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱን ታውቁታላችሁ።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቼ አውስትራሊያ ገባሁ። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ ሚሲዮን ጋር ከአውስትራሊያ በስተ ሰሜን ወዳለችው የደሴት አገር፣ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ምዕራባዊ ክፍለ ሀገር ሄድኩ። የጎጎዳላ ሕዝብ የሚኖረው እዚያ፣ በአራሚያና በፍላይ ወንዞች አካባቢ፣ ባሊሞ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ነው። አገሩ ውሃ ነው። ገበያ የሚኬደውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ በሽተኛ የሚመጣውም በታንኳ ነው። ምግባቸው ሳጎ ነው፦ ዛፉ ከተገነደሰ በኋላ ሴቶቹ ውስጡን ቀጥቅጠው፣ በውሃ እያሹ አጥበው፣ የዘቀጠውን ነጭ ዱቄት ይጋግሩታል። ከቡላ አሠራር ምን ለየው? የጉራጌ እናት ብታየው ሳትጠየቅ እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ትጀምር ነበር።

ሚሲዮናውያን ወደዚያ አገር የገቡት በ1930ዎቹ ነው። ያኔ የአንድ መንደር ሰው በሙሉ በአንድ ረጅም ቤት ጣሪያ ሥር ይኖር ነበር። አይዳ የሚሉት የወንዶች ሥርዓት ነበራቸው፤ የሥርዓቱ ልብ ሲወዘወዝ የሚንሿሿ መሣሪያ ነው። ከበሮው፣ ጭምብሉ፣ ታንኳው ሁሉ በየጎሳው ምልክት ይቀባል። ከዚህ ብዙው እሳት ውስጥ ገባ። ፈረንጆቹ ብቻ ያቃጠሉት እንዳይመስላችሁ፤ አዲስ ያመኑት የአገሩ ልጆችም በገዛ እጃቸው ለኩሰዋል። በ1970ዎቹ ባሊሞ ላይ የባህል ማዕከል ሲሠራ፣ ቅርጻ ቅርጹን ከሽማግሌዎች ትዝታና ከድሮ ፎቶግራፍ ነበር የመለሱት።

እኒያ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ፓስተር ነበሩ፤ ልጅ ሆነው ያንን እሳት አይተዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ስለነበሩ አክታቸውን የምመረምረው እኔ ነኝ። ማታ ማታ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር፣ ጥላው ላይ መጥተው ይቀመጣሉ። አጎታቸው ከበሮውን አውጥቶ እሳት ውስጥ የጣለ ቀን እንዳላለቀሰ ነገሩኝ። «እኔ ግን አልቅሻለሁ» አሉ፤ ቀጥለውም ሳቁ።

አንድ ማታ የመድኃኒት ብልቃጣቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ክኒን ሊውጡ መስሎኝ ውሃ ላቀርብ ስነሳ፣ ብልቃጡን ወደ ላይ ይዘው በቀስታ ይወዘውዙት ጀመር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ዝም። እንደገና። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሰው ሲያልፍ ያቆሙና ሲርቅ ይቀጥላሉ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ባንተ አገር ክርስትና ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከ1600 ይበልጣል።»

«በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር እየወዘወዘ ለእግዚአብሔር የዘመረ አለ?»

ልጆቼ፣ አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ጽናጽላቸውን ሳይይዙ የማርያም በዓል ያለፋቸው ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ በወጣትነቴ ጴንጤ ሆኜ ከቤታቸው ወጥቻለሁ፤ ተኳርፈን ነው የተለያየነው። እናም «በእኔ ቤተ ክርስቲያን የለም» አልኳቸው። ቃል በቃል ከተወሰደ ሐሰት የለበትም።

ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ልክ ነበርን» አሉና ብልቃጡን ኪሳቸው ከተቱ። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለተኛ አላነሱትም፤ እኔም አላነሳሁትም። ሲያርፉ ሜልቦርን ነበርኩ።

እነዚያን የጥንት ሚሲዮናውያን አልወቅስም። ወባና ረግረግ ውስጥ ገብተው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ማንበብ አስተማሩ፣ ሐኪም ቤት ከፈቱ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ባህል አጥፊዎች» የሚላቸውን ሰው ስሰማ ያናድደኛል። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ ያንን ብልቃጥ ሳስታውስ እወቅሳቸዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ከጎጎዳላ መካከል ከጠፉት የእስራኤል ነገዶች ወገን ነን የሚሉ አሉ። ስለ ቤተ እስራኤል ያጠኑት ቱዶር ፓርፊትም በ2003 ሄደው የዘረ መል (ዲኤንኤ) ናሙና ሰብስበዋል። እኔንም ስለ ሰሎሞንና ስለ ንግሥተ ሳባ የሚጠይቁኝ ነበሩ። አንዳንዴ ይህን ነገር ከዚያ እሳት ጋር አያይዘዋለሁ፤ ላይገናኝም ይችላል።

የዛሬ ልጆች ሳትሄዱ ነው ቲክቶክ የምትከፍቱት። ሕፃን አቅፎ ፎቶ መነሳት ደግሞ የት እንደተማራችሁት እንጃ። ቢሆንም ትጠይቃላችሁ፤ እኛ መጠየቅም አልጀመርንም።

«እኛ ፈረንጅ ስላልሆንን ይህ ስሕተት አያገኘንም» ብለሽ በደብዳቤሽ የጻፍሽው ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። የጎጎዳላ ወንጌላውያን ራሳቸው በኋላ ወደ ሌሎች የፓፑዋ ሕዝቦች ሄደው አገልግለዋል፤ የየሰፈሩ ሰው ጭፈራውን ይተው አይተው የሚለው ጥያቄ እነሱንም ጠብቋቸዋል። የቆዳ ቀለም ከዚህ አያስመልጥም።

ስለዚህ ዝርዝር አልልክልሽም። ስብሰባችሁ ላይ ከዚያው አገር አንድ ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ለማስተርጎም ሳይሆን ለመናገር። አንቺም ያደግሽበት ቤት ምን እንደሚዘመር ከጠየቁሽ ሳትሸራርፊ ንገሪያቸው። ስለ ቪዛና ስለ ክትባት የጠየቃችሁኝን ለብቻ እጽፍላችኋለሁ።