ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እርጥብ ጉማጅ ፍለጡ

ልጆች፣ ሰሞኑን እንጨት ሥራ መማር እንፈልጋለን የምትሉኝ በዝታችኋል፣ ደስ ይለኛል፣ ግን የሁላችሁም የመጀመሪያ ጥያቄ "ጋሼ የትኛውን ማሽን ልግዛ" ነው። ምንም አትግዙ። እኔ ሠራተኛ ሰፈር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ አልጋና ቁምሳጥን ስሠራ ኖሬአለሁ፣ እንጨት ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን ማሽኑን አጥፍቼ እርጥብ እንጨት በመጥረቢያ መጥረብ ስጀምር ነው።

እርጥብ ማለቴ ገና የተቆረጠ፣ ውሃው ያልወጣለት። ጣውላ መሸጫ የምታገኙት ደረቁን ነው፣ ለጀማሪ እጅ ደረቅ እንጨት ድንጋይ ማለት ነው፣ እርጥቡ ግን ስለት ሲነካው እንደ ድንች ይላጣል። ጎረቤት ግቢ ዛፍ ሲገረዝ ሄዳችሁ ለምኑ፣ ግራቪሊያ ከሆነ አሪፍ ነው። ባሕር ዛፍ መቼስ በአጼ ምኒልክ ጊዜ በ1880ዎቹ ከገባ ጀምሮ ከተማውን ሞልቶታል፣ ችግሩ ማታ ቆርጣችሁት ብታድሩ ጠዋት ጫፉ ተሰነጣጥቆ ይጠብቃችኋል። ወይራን ለመጥረቢያ እጀታ ተዉት፣ ለመጀመሪያ ይከብዳችኋል። ቁልቋል ግን እንዳትነኩ፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

ዕቃው ትንሽ መጥረቢያ፣ ቢላ፣ መሮ፣ መጋዝና ሞረድ ነው፣ በቃ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱና ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላ ፈልጉ፣ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ስለቱን ግን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ፣ የክንዳችሁን ፀጉር እስኪላጭ ድረስ ሞርዱት። በደነዘ ቢላ ጉልበት ስለምትጨምሩ የምትቆረጡትም በሱ ነው።

አሁን ጉማጁን አቁሙትና መሃሉን እዩት፣ ልቡ የምንላት ትንሽ ነጥብ አለች። መጥረቢያውን ልቧ ላይ አስቀምጡና በእንጨት መዶሻ ምቱት፣ ስንጥቁ ሲከፈት ሽብልቅ አስገቡበት። ጧ ይልና ለሁለት ይከፈላል፣ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። መጋዝ ጅማቱን ቆራርጦት ያልፋል፣ ፍልጥ ግን ጅማቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ቀጭን ማማሰያ ብትሠሩበት እንኳን ቶሎ አይሰበርም። ልቧን ጥረቡና ጣሏት፣ እሷን ይዞ የደረቀ እንጨት መሰንጠቁ አይቀርም። እኔ አንዴ ልቧን ሳላወጣ ትልቅ ሙቀጫ ፈልፍዬ ሳሎን አስቀምጬው ሌሊት እንደ ጥይት ጮኸ፣ ባለቤቴ ሌባ ገባ ብላ ተነሳች።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ማማሰያ ይሁን። ጉቶ ላይ አስደግፋችሁ ጥረቡ፣ የያዘው እጃችሁ ሁሌ መጥረቢያው ከሚያርፍበት በላይ ይሁን፣ ወደ ጉልበታችሁ በፍጹም አትጥረቡ። ሳትጨርሱ ከመሸ በፌስታል ጠቅልላችሁ አሳድሩት እንጂ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፣ በዝግታ ነው መድረቅ ያለበት። ውስጡ ያለው ውሃ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት ወደ 30 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ቅርጹ አይለወጥም፣ ከዛ በታች ሲሆን ነው መኮማተር የሚጀምረው፣ በዙሪያው የሚኮማተረው ደግሞ ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ክብ አድርጋችሁ የፈለፈላችሁት ሳህን ሲደርቅ ሞላላ ቢሆን አትደንግጡ።

እናቶቻችሁ "ተምረህ ተምረህ እንጨት ጠራቢ?" ይሏችሁ ይሆናል፣ የኔም ብላኛለች። በነገራችን ላይ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር፣ ለእናቴ ስነግራት "እሳቸው ልጃቸውን አናጺ አላደረጉም" አለችኝ።

በርጩማ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይቺን ይያዝ። የመጀመሪያዬን ስሠራ መቀመጫውም እግሩም እርጥብ ነበር፣ በወሩ እግሮቹ ውልቅ ውልቅ አሉ፣ ኮላ ብጨምርበትም እምቢ አለ። መሆን የነበረበት እግሩ በደንብ የደረቀ፣ መቀመጫው ግን ትንሽ እርጥበት ያለው ነው፣ መቀመጫው ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብና እግሩን ነክሶ ይይዘዋል፣ ያለ ሚስማር ያለ ኮላ። ሁለተኛውን እንደዛ ሠራሁት፣ ይሄን የምጽፍላችሁም እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አንዱ እግሩ አጥሮብኛል፣ ሦስት እግር ስለሆነ ግን አይንገዳገድም፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ።